ፍሳሹን ሳትዘጉ ገንዘብ አትለምኑ

የከተማ ሰዎች ሆይ፣ በመናፈሻችሁ ያለው ኩሬ አረንጓዴ ልባስ ለብሶ ጠረኑ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ እናንተ ግን «ለጋሽ ይገኝ ይሆን?» ትላላችሁ። ለጋሽማ አለ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘብ የሚሰጠው በቀጥታ ለማኅበረሰብና ለሲቪል ድርጅቶች ነው፤ የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያም ለረጅም ዓመታት 50,000 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ሰጪው እጁን የሚሰበስበው ማመልከቻችሁን ሲያነብ ነው። ሦስት ገጽ ምሬት ትጽፉና መጨረሻ ላይ ድፍን ቁጥር ትጠይቃላችሁ። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ደለሉ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ አንድ መስመር የለም።

በጥር ወይም በየካቲት፣ ዝናብ ከጠፋ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ወደ ኩሬው የሚገባውን የጎርፍ ቦይ ተከትላችሁ ሽቅብ ውጡ። ቦዩ በዚያ በጋ እየፈሰሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የተሰበረ የመጠጥ ውሃ መስመር አለ፣ ወይ የእናንተው የሽንት ቤትና የልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ሽታው ይለይላችኋል። የክረምት ዶፍ ጠብቃችሁ የሽንት ቤት ጉድጓዳችሁን ወደ ቦዩ የምትለቁ እናንተ ናችሁ፤ «ጎርፉ ይዞት ይሄዳል» ትላላችሁ። የሚሄደው እስከ ኩሬው ነው! ፍሳሹና ሳሙናው ፎስፈረስ ያመጣሉ፤ ፎስፈረስ ደግሞ የአልጌና የእምቦጭ ቀለብ ነው። አልጌው ሞቶ ከታች ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ኦክስጅን ሲጠፋ ደለሉ ይዞት የነበረውን ፎስፈረስ መልሶ ለውሃው ይለቃል። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ቲሸርት ለብሳችሁ የነቀላችሁበት ዘመቻ ለምን እንዳልያዘ አሁን ገባችሁ? እያንዳንዱን ፍሳሽ የሚገባበትን ቦታ በስልካችሁ ከነቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ቁጥሩና ከነቀኑ ፎቶ አንሱ፤ ለወረዳውና ለፍሳሽ አገልግሎቱ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ማመልከቻችሁ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከዚያ ለኩ። በኩሬው ላይ በየ10 ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ወጥሩ፤ በየቋጠሮው በጀልባ ሆናችሁ ሁለት ንባብ ውሰዱ። በመጀመሪያ ጫፉ ላይ ሰፊ ሳህን የተገጠመበት ዘንግ ለስላሳው ደለል ላይ እስኪያርፍ፣ ቀጥሎ ቀጭን ዘንግ ጠንካራውን ወለል እስኪነካ። ልዩነቱ የደለሉ ውፍረት ነው። በእግራችሁ አትግቡ፤ ጭቃው ሰው ይይዛል። 60 በ40 ሜትር የሆነ ኩሬ አማካይ ደለሉ 70 ሳንቲሜትር ከሆነ 1,680 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 105 ምልልስ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለበትን ገጽ ገምጋሚ ደግሞ ያነበዋል። ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ለኩ፤ ከቀትር በኋላ የተለካው አልጌው በፀሐይ ያመረተው ስለሆነ ያማረ ውሸት ነው። ከደለሉም ናሙና ለላቦራቶሪ ስጡ፣ በተለይ ከላያችሁ ጋራዥ ወይም ቆዳ ፋብሪካ ካለ። ክሮምየምና እርሳስ ያለበትን ጭቃ «ማዳበሪያ ነው» ብላችሁ ለጎመን ማሳ ስትሰጡ ማንን እያበላችሁ እንደሆነ አስቡ።

ብዙ ኩሬ የሚገደለው ግን በጥገናው ቀን ነው። ውሃ የሚይዘው ከስር ያለው የሸክላ አፈር ነው፤ የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር «ጥልቅ ይሁን» ተብሎ ሸክላውን ሲበሳው ኩሬው በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል። ከጠንካራው ወለል 15 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲያቆም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሚቆጣጠር ሰውም ዘንጉን ይዞ ይቁም። እርጥብ ጭቃ በቀጥታ አይጫን፤ አስፋልቱን ያጨቀያል፣ ውሃም በናፍጣ ታጓጉዛላችሁ። ዳር ላይ ተከምሮ ውሃው ይጥፋለት። በመግቢያው ላይ ከኩሬው ስፋት አንድ አስረኛ የሚሆን የደለል ማጥመጃ ገንዳ ቆፍሩ፣ ዳርቻውንም ፊላና ደንገል ትከሉበት። ፏፏቴና ባለቀለም መብራት ከበጀቱ ይውጡ፤ የመብራት ሂሳቡን በሁለተኛው ዓመት የሚከፍል የለም።

ወረቀቱ ላይም ተግሳጽ ይገባችኋል። መናፈሻው የከተማው ነው፤ ከሚያስተዳድረው ቢሮ የፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዙ አታመልክቱ። ዕድራችሁ በሕግ ካልተመዘገበ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተጣመሩ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ አበልና የቢሮ ኪራይ የሞላበት በጀት ከወዲሁ ይወድቃል። 15 በመቶውን ቫት ማን እንደሚሸፍን ለጋሹን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ያረጀ ፕሮፎርማ ዋጋ የለውም፤ በማመልከቻው ሳምንት የተወሰደ ሦስት ፕሮፎርማ አያይዙ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ጥር 2018» ያለውን የውጭ አንባቢ ሥራው ድሮ ያለቀ ይመስለዋል። ቁፋሮ የሚሆነው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ገንዘቡ በሰኔ ከተለቀቀ ጎርፍ ውስጥ ትቆፍራላችሁና የክፍያ ዙሮቹን ከወራቱ ጋር አስተሳስሩ።

የራሳችሁን ድርሻ ሲጠይቋችሁ «ጉልበት እናዋጣለን» ብሎ ማለፍም አይበቃም። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ በአካባቢው የቀን ምንዳ ስንት ብር እንደሚሆን አስሉ፤ ሥራው ሲጀመርም በየቀኑ አስፈርሙ። ፊርማ የሌለው ጉልበት በኦዲተር ፊት ዜሮ ነው። የደለል ማጥመጃውን በየዓመቱ በግንቦት እና በጥቅምት የሚጠርገው ማን እንደሆነ፣ ወጪውም ከየትኛው የዕድር መዋጮ እንደሚወጣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ከማመልከቻው ጋር ይግባ። ቃለ ጉባኤው ላይ ወደ ቦዩ ፍሳሽ የለቀቁት ቤቶች ቧንቧቸውን የሚዘጉበት ቀንም ይስፈር፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት ከነዚያ አንዱ ከሆነ ከእሱ ይጀመር።