መብራቱ እየበራ የተቆለፈው ላይብረሪ

ባለፈው እሁድ ለንደን ውስጥ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ሁለት ሰዎች በላይብረሪ ጉዳይ ተሟገቱ። አንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አንዷ የሰፈር ላይብረሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች።

«ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» አለ እሱ። «መጽሐፉን ማሽን ይመዘግብልሃል። በሩን በካርድና በሚስጥር ቁጥር ትከፍታለህ። ጭራሽ ከሚዘጋ ሰው ቢቀነስ አይሻልም?»

ስጋቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ መንግሥት ላይብረሪዎቹን ለሚያስተዳድሩት ካውንስሎች፣ ማለትም ለየአካባቢው አስተዳደሮች፣ የሚሰጠውን ገንዘብ ሲቀንስ፣ እስከ 2019 ድረስ በብሪታንያ ወደ 800 የሚጠጉ ላይብረሪዎች ተዘግተዋል።

እሷ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«እኛ ጋ የተባረረ ሰው የለም። አንዷ ጡረታ ወጣች፣ ቦታዋ ባዶ ቀረ። ሌላው ለቀቀ፣ በእሱ ፋንታ ከኤጀንሲ አንድ ልጅ መጣ፤ እሱም በሦስት ወሩ ሄደ። እኔን ሰኞ እዚህ፣ ማክሰኞ ሌላ ሰፈር ያዞሩኛል። የልጆቹን ስም መያዝ እንኳ አቃተኝ።»

«እሱ የእናንተ የሥራ ጣጣ ነው። አንባቢው ምን ጎደለበት?»

«ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ልጅ ያለ አዋቂ አይገባም፤ ደንቡ ነው። አንድ ቀን ዕቃ ረስቼ ስመለስ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ቦርሳውን አዝሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ዝናብ ነው። ውስጥ መብራቱ በርቷል፣ ማሞቂያው ይሠራል። እናቱ ከሥራ የምትወጣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

«በጎ ፈቃደኛ ይቀመጥ እንግዲህ።»

«ይቀመጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የድጎማ ማመልከቻውን በኢንተርኔት መሙላት ያልቻለ አዛውንት ማክሰኞ ከእኔ ጋር ይጀምራል። ሐሙስ ሲመጣ ሌላ ሰው ያገኛል። ታሪኩን እንደገና ከሥር ይጀምራል። አንዳንዱ በዚያው ይቀራል።»

እሱ ዝም አለ፤ የተረታ ግን አልመሰለኝም።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የእንግሊዝ የላይብረሪ ሕግ ካውንስሎች የተሟላና ቀልጣፋ አገልግሎት እንዲሰጡ ያዛል። ስንት ሠራተኛ ይኑር ግን አይልም። ስለዚህ ሰው ሲለቅ ቦታውን ባዶ መተው ቀላል ነው፤ ወረቀት ላይ ቤቱ ክፍት ነው።

ሰኞ ዕለት የሰፈሬን ላይብረሪ በር ቆሜ አነበብኩት። ሠራተኛ ያለበት ሰዓት ለብቻው ተጽፏል። ማክሰኞና ዓርብ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ማንም የለም። ለካውንስል ተወካያችን የምጽፈው ደብዳቤ ስለነዚያ ሁለት ቀናት ነው።