«ስንት ብር ነው የገዛሻት?»

ዛሬ በጣም በሽቄያለሁ። ረጅም ነው የምጽፈው፣ ትዕግስት የሌላችሁ ከአሁኑ እለፉኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ከታመመ ሐኪም አለው። ውድ ነው፣ ወረፋ አለው፣ ግን አለ። ድመትም እንደዚያው። ላም ከታመመችማ ሐኪሙ ቦቲውን አጥልቆ ግቢ ድረስ ይመጣል። ወፍ ስትታመም ግን አገር ምድሩ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ስንት ብር ነው የገዛሻት?» ምን ትበላለች፣ መቼ ጀመራት፣ ኩሷ ምን ይመስላል የሚል የለም። ዋጋዋን ስትናገሪ ምርመራው አለቀ። «ኧረ ሌላ ግዢ!» ተብለሽ ትሸኛለሽ።

የኔዋ ላቭ በርድ የምትባል ትንሽ የበቀቀን ዘር ናት። ስሟ ሎሚ ነው። ሰሞኑን ከመቆሚያ እንጨቷ ወርዳ ኬጁ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ አልፎ አልፎ ታምጣለች። ወፍ የምታውቁ ሰዎች ወዲያው ገብቷችኋል። እንቁላል ተቀርቅሮባታል። ይሄ የቀልድ በሽታ አይደለም። የተቀረቀረው እንቁላል የውስጥ አካሏን ይጫናል፣ ትንፋሽ ያሳጥራታል፣ ኩስ እንኳ መጣል ያቅታታል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ሊገድላት ይችላል። ወፍ ደግሞ በሽታዋን ደባቂ ናት። ዱር ውስጥ ደከም ብላ የታየች ወፍ የጭልፊት ምሳ ስለምትሆን እስከ መጨረሻው ጤነኛ መስላ ለመታየት ትሞክራለች። ስለዚህ ወለል ላይ ተኮራምታ ካያችኋት «እስከ ነገ እንያት» የሚባል ነገር የለም።

መደወል ጀመርኩ። አንዱ ክሊኒክ «ውሻና ድመት ብቻ ነው የምናየው» አለኝ። እሱን አልወቅስም፣ ቁርጡን ነግሮኛል። ሌላኛው ጋ ስልክ ያነሳችው ልጅ «ዶሮ ናት?» አለችኝ። አይ፣ ላቭ በርድ ናት ስላት ሳቋ አመለጣት፣ አጠገቧ ላለው ሰው ደግማ ነገረችው፣ ተያይዘው ሙድ ያዙብኝ። በመጨረሻ አንዱ «አምጪያት» አለ። ኬጁን በነጠላ ሸፍኜ፣ ታክሲ ውስጥ «ውስጡ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሁሉ እያስረዳሁ፣ በየጉድጓዱ መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔም አብሬ እያማጥኩ ደረስኩ። ሐኪሙ ኬጁን ሳይገልጥ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ስንት ብር ነው የገዛሻት?»

ነገርኩት። «ከካርድ ማውጫው ብዙም አትበልጥም እኮ» ብሎ ሳቀ። ዶክተር፣ እንቁላል ይመስለኛል፣ ሆዷን ብቻ ዳሰስ ያድርጉልኝ አልኩት። አልነካትም። ባዶ እጄን እንዳልመለስ አስቦልኝ መሰለኝ፣ ቴትራሳይክሊን ገዝተሽ ውሃዋ ውስጥ በጥብጪላት አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፣ ቦታ አለው። እንቁላል ግን በአንቲባዮቲክ አይወጣም። እንቁላሉን ገፍቶ የሚያስወጣው ጡንቻ ነው፣ ጡንቻው ለመኮማተር ደግሞ ካልሲየም ይፈልጋል። እንቁላል የሚቀረቀርባት ወፍ ብዙ ጊዜ የሚጎድላት እሱ ነው። ቴትራሳይክሊን ሆድ ውስጥ ካልሲየም ሲያገኝ ይጣበቅበትና ሁለቱም ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ማለትም የጎደላትን ነገር ጭራሽ የሚያሳጣ መድኃኒት ነው የታዘዘላት። ያውም የታመመች ወፍ ውሃ እንደ ልቧ በማትጠጣበት፣ መራራ ውሃ ደግሞ ጨርሶ በማትነካበት ሁኔታ።

የሚገርማችሁ፣ ከሰውየው ጀርባ መደርደሪያው ላይ የካልሲየም ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ለላም ነው። የወለደች የወተት ላም ካልሲየሟ በወተት ተሟጦ ስትወድቅ በደም ሥር የሚሰጣት እሱ ነው፣ የከብት ሐኪም ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራው ሥራ ነው። ሳይንሱ አንድ ነው! ላሟም ጡንቻዋ እምቢ ያለው በካልሲየም እጥረት፣ ወፊቱም ጡንቻዋ እምቢ ያለው በካልሲየም እጥረት። እውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፣ መድኃኒቱ ከጀርባው አለ። የጠፋው ዞር ብሎ የማየት ፍላጎት ብቻ ነው። አገራችን ውስጥ የወፍ ሕክምና የለም ስትሉኝ የማልስማማው ለዚህ ነው።

ሎሚን ያተረፋት ማን መሰላችሁ? የዶሮ ሐኪም። የጓደኛዬ ዘመድ ነው፣ ቢሾፍቱ አካባቢ እርባታ ላይ ይሠራል። ደወልኩለት። አልሳቀም። ዕድሜዋን ጠየቀኝ። ምን እንደምትበላ፣ ፀሐይ ታገኝ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት እንቁላል ጥላ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። 30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ያለው፣ እንፋሎት ያለው ቦታ አስቀምጪያት፣ ሆዷን ለመጫን እንዳትሞክሪ፣ እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው አለኝ። ከዚያ ይዣት ሄድኩ፣ መጀመሪያ በግራም ሚዛን መዘናት፣ ካልሲየሙን በደንብ አቅጥኖ ለክብደቷ የሚሆነውን ለክቶ ሰጣት። ማታ እንቁላሉ ወጣ። ቅርፊቱ እንደ ብራና ለስላሳ ነበር፣ ካልሲየም እንደሌላት ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

አንዳንዶቻችሁ አሁን ኮመንት ላይ «ሰው የሚታከምበት በሌለበት አገር...» ልትሉ እየጻፋችሁ ነው፣ አውቃችኋለሁ። ቅድሚያ ለከብት መሰጠቱ ይገባኛል። ከ70 ሚሊዮን ያላነሰ የቀንድ ከብት ያለበት አገር ነው፣ የገበሬው ኑሮ በሬው ነው። የእንስሳት ሕክምና ደስታ የተባለውን የከብት ወረርሽኝ በፈረንጆች 2011 ከምድር ላይ እንዳጠፋም አውቃለሁ፣ ያ በሽታ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣብን ነው፣ ክብር ለባለሙያዎቹ። ግን ዶሮም ወፍ ናት እኮ። የዶሮ ወረርሽኙን ፈንግልን የማያውቅ የእንስሳት ሐኪም አለ? ፈንግል ደግሞ በቀቀንንም ይይዛል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እዚሁ ያመርተዋል። ስለ ወፍ የሚያውቅ ሰው በሽ በሽ ነው። ወፏ ላባዋ አረንጓዴ ሲሆን ነው እውቀቱ የሚተነው።

መጠኑስ? የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ለበሬ የተሠራ ነው። ለምሳሌ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የቴትራሳይክሊን ወገን መርፌ እንይ። ለከብት ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር እየተባለ ነው የሚወጋው። ላቭ በርድ 50 ግራም ገደማ ናት። በዚያው ሒሳብ ብትሄዱ የ1 ሚሊ ሊትር 200ኛ ይመጣላችኋል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ አንዷ ዩኒት የ1 ሚሊ ሊትር 100ኛ ናት፣ የእሷን ግማሽ ልትለኩ ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ራሱም ልክ አይደለም፣ የወፍ ሰውነት መድኃኒት የሚጨርስበት ፍጥነት ከበሬ ስለሚለይ በኪሎ ማካፈል ብቻ አይበቃም። እና «ጠብ ጠብ አድርጊላት» ብሎ የሚያዝ ሰው ስንት እጥፍ እየሰጠ እንደሆነ አስቡት። ጠቅላላ ደሟ እንኳ 5 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው።

ሻጮቹ ጋ ልምጣ። ቴሌግራም ላይ «ጤነኛ፣ ለማዳ፣ ፍሪ ዴሊቨሪ» እያላችሁ የምትለጥፉ። ምግቧ ምንድን ነው ስትባሉ «ዘር ብቻ»። ዘር ብቻ የምትበላ ወፍ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያጥራታል፣ ይሄ ምስጢር አይደለም። የራሳችን ደጋ ላይ እኮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ ጥቁር ክንፍ ያለው ላቭ በርድ አለ፣ እሱ የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይለቅማል እንጂ ቀኑን ሙሉ ሱፍ አይፈለፍልም። (እሱን ከጫካ ይዛችሁ እንድትሸጡ አይደለም የነገርኳችሁ፣ ወግዱ።) ኑጋችንን ፈረንጅ ጓሮው ለሚመጡ ወፎች በዶላር ይገዛናል። የዓለምን ወፍ እየቀለብን የራሳችንን ወፍ የሚያይልን ሐኪም እናጣለን፣ ጉድ እኮ ነው።

ጭስንም የሚነግር ሻጭ የለም። ወፍ ከሳንባዋ ሌላ 9 የአየር ከረጢቶች አሏት፣ አየር ሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው፣ ከኛ በተሻለ ኦክስጅን ትቀበላለች፣ መርዙንም እንደዚያው። ቴፍሎን መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከጋለ እኛ ምንም ሳይመስለን ወፏ በደቂቃዎች ልትሞት ትችላለች። የእጣንና የሚቆላ ቡና ጭስም ለሳንባዋ ጥሩ አይደለም። ቡና አይፈላ አልወጣኝም፣ እኔ ራሴ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም። ወፏን ሌላ ክፍል አስገቧት ነው። አቮካዶም እንዳትሰጧት፣ ይገድላታል።

ኤሊውንም ልርሳው? በየግቢው አለ፣ «ግቢውን ያጸዳል» ተብሎ እንጀራ እየተወረወረለት። የጀርባውን ድንጋይ በስተው ሽቦ አስረው ዛፍ ላይ የሚያስሩት ሰዎች አይቻለሁ። ያ ድንጋይ ልብስ መሰላችሁ እንዴ? አጥንት ነው፣ ከአከርካሪውና ከጎድኑ ጋር የተጋጠመ፣ ስሜት ያለው አካሉ ነው። ሳንባው ቢታመም እንኳ እንደኛ ስሎ አያሳውቃችሁም።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያም ሁሉም ክሊኒክ ወፍ አያይም፣ ሌሊት ከታመመች መከራ ነው፣ ዋጋው ደግሞ አይነሳ ትለኛለች። እሺ። ግን እዚያ የወፍ ሐኪሞች ከ1980 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ፈልጋ ታገኛለች። እኔ የምፈልግበት ዝርዝር እንኳ የለኝም።

«ወፍ ናት፣ ምን አገባን» ለምትሉም ላሳስባችሁ። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ። በ1929 እና በ1930 በሽያጭ በተሰራጩ በቀቀኖች ሰበብ በተለያዩ አገሮች ሰው ሞቷል። ዛሬ በዶክሲሳይክሊን ይድናል፣ ሐኪሙ ካሰበው። ሳል ይዟችሁ ስትሄዱ «ቤትህ ወፍ አለ?» ተብላችሁ የምታውቁ እስቲ እጅ አውጡ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወፍ ሆስፒታል ይገንባልን አላልኩም። የማታክሙ በራችሁ ላይ ጻፉት፣ ሰው በታክሲ አታንከራቱ። የምታክሙ ደግሞ ግራም ሚዛን ግዙ፣ የማታውቁትን የዶሮ ሐኪም ደውላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ደውዬ አግኝቼዋለሁ። ዋጋውን ንገሩኝ፣ ልክፈል አልክፈል የኔ ጉዳይ ነው።

አሁን ደግሞ የጎረቤቴ ጥንቸል ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። ጥርሷ ይመስለኛል፣ የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ካልተሞረደ አፏን ይወጋታል። ጥንቸል ደግሞ አንድ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሊቆም ይችላል። «አሞክሳሲሊን ስጪያት» እንዳትሉኝ፣ በአፍ ከተሰጣት ሆዷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ እሷንም ይገድላታል። ጥንቸል አይቶ የሚያውቅ ሐኪም ያላችሁ፣ የትም ሰፈር ይሁን፣ ዛሬ ማታውኑ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።