ሰሙን ይዞ ወርቁን መክሰስ
የክርክሩ ነጥብ፦ ስላቅና ባለ ሁለት ፍቺ ጽሑፍ ብዙኃኑን ሲያስቆጣ ሕግ ይግባበት? (የቱርክ ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የኢስታንቡሉን አጎስ ይዤ ልነሣ። በ1996 የተቋቋመ፣ በቱርክኛና በአርመንኛ የሚታተም የአርመኖች ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። ዋና አዘጋጁ ህራንት ዲንክ በ2004 በተከታታይ ጽሑፉ፣ ወገኖቹ በቱርክ ላይ የቋጠሩትን ቂም ደም በሚመርዝ ነገር መስሎ «ተዉት» ለማለት ጻፈ። ብሔርተኞች አንዷን ዐረፍተ ነገር ቆርጠው «የቱርክን ደም ሰደበ» አሉ። ባለሙያዎች ተከታታዩ በሙሉ ሲነበብ ስድብ የለበትም ብለው ለፍርድ ቤቱ ቢያስረዱም፣ በ2005 ስድስት ወር በገደብ ተፈረደበት። ዋሸራ ቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ ይታረማል፤ ዳኛ አይሆንም።

ከባሕር ዳር፦ ልጄ፣ ዋሸራን ባታነሣብኝ ይሻልህ ነበር። ቅኔ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ለመፍታት የመጣ ነው፤ መምህሩም እዚያው አለ። ጋዜጣን ግን መምህር ተከትሎት ገበያ አይወጣም። ተከታታይ ጽሑፍማ የባሰ ነው፤ የዚህን ሳምንት የገዛ ያለፈውን አላነበበም። ስለዚህ ዘይቤውና ፍቺው ከአንድ አንቀጽ አይውጡ፤ የሕዝብ ስም ከ«ደም» እና ከ«መርዝ» ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር አይግባ፤ ርእስ ላይማ ጨርሶ። ይህን የማይጠብቅ ሲመጣ ሕግ አለ፦ አዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር፣ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የአርትዖቱን ምክር እወስዳለሁ። ሕጉ የሚፈራው ግን አንዱ ተናግሮ ሌላው እንዳይጠቃ ነው፤ ኢስታንቡል ላይ የተጠቃው ራሱ ጸሐፊው ነው። ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 የ17 ዓመት ልጅ በጋዜጣው ደጃፍ ተኩሶ ገደለው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2010 እንዳለው፣ የጸጥታ ኃይሎች ዕቅዱ አስቀድሞ ደርሷቸው አልጠበቁትም፤ የ2005ቱ የስድብ ፍርድም ለአክራሪዎቹ ዒላማ አደረገው። የእኛም አዋጅ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ በር ትቷል።

ከባሕር ዳር፦ በሩማ አለ፤ የሚንኳኳው ግን ከታሰርክ በኋላ ነው። እዚህ ላይ እረታልሃለሁ። ቱርኮች በ2008 ቱርክነትን መስደብ የሚቀጣውን አንቀጽ 301 ሲያሻሽሉ ያለ ፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ ምርመራ አይጀመር አሉ። እንዲህ ያለ ወንፊት ይበጃል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሚኒስትር ሲቀየር የሚቀየር ወንፊት!

ከባሕር ዳር፦ እንግዲያው ሚኒስትሩን ተውና ጽሑፍ የሚፈቱ ባለሙያዎች ይጠየቁ በል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዲንክ ላይም ተጠይቀው ነበር እኮ፣ ጋሼ።