በስልክ ካሜራ የዱር እንስሳ ማንሳት ያንገበግባል

«መቶ እጥፍ ያቀርባል» እያሉ ስልክ የሚሸጡልን ሰዎች አንድ ቀን ከሐረር ወረድ ብለው በኤረር ሸለቆ በእግር ቢጓዙ ደስ ይለኝ ነበር። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በሚገኝበት በዚህ አካባቢ፣ ከግራር ሥር ቆማ ጆሮዋን የምታንቀሳቅስ እንሹ የምትባል ትንሽ የዱር እንስሳ በዓይኔ ጥርት ብላ እየታየችኝ፣ በስልኬ ስክሪን ላይ ግን ቡናማ ነጥብ ብቻ መሆኗ ያንገበግበኛል። በጣቴ ባቀረብኳት ቁጥር ስልኩ ምስሉን ቆርጦ ከማስፋት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ያም አልበቃ ብሎ የጎደለውን በራሱ ግምት እያለሰለሰ ጸጉሯን ውሃ የፈሰሰበት የቀለም ሥዕል ያስመስለዋል። ትኩረቱም ከእንስሳዋ ይልቅ ከፊቷ ያለውን እሾህ ይመርጣል፤ እስካስተካክለው ድረስ እሷ ተፈትልካ ትሄዳለች።

ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ከሐረር የጀጎል ግንብ ውጭ ሥጋ ሊበሉ የሚመጡት ጅቦች ከሰው እጅ እስኪጎርሱ ድረስ ቢቀርቡም፣ የስልኩ የሌሊት ማንሻ ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ የሚያዋህድ በመሆኑ፣ ጅቡ አንገቱን ባዞረ ቁጥር የሚወጣው የተድበሰበሰ ጥላ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ይህን ጉድለት በፍላሽ እንሞላለን የሚሉት ጎብኚዎች ናቸው፤ በጨለማ ለማየት የተፈጠረን ዓይን ደጋግመው ሲያጥበረብሩ፣ የጅቦቹ መጋቢ እጁን እያወዛወዘ «ተው» ቢላቸው እንኳ አይሰሙም።