ቻድ ለፈረንሳይ ጦር የምስጋና ዕዳ የለባትም

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በጃንዋሪ 2025 ፓሪስ ላይ ለአምባሳደሮቻቸው ባደረጉት ንግግር፣ የአፍሪካ መሪዎች ፈረንሳይን ማመስገን እንደ ረሱ፣ ጦሯ ባይዘምት ኖሮ ደግሞ ከሳህል አገሮች አንዱም ዛሬ ሉዓላዊ እንደማይሆን ተናግረዋል። ቻድ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን የመከላከያ ስምምነት ካፈረሰች ገና ሁለት ወር ሳይሞላ የተሰነዘረ ስድብ ነውና መልሱ ከቻድ ታሪክ ቢሰጥ ይገባል።

ውለታ ከተቆጠረ ከ1940 ይጀመር። ፈረንሳይ ለሂትለር በተንበረከከችበት በዚያ ክረምት ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ መጀመሪያ ከነፃ ፈረንሳይ መሪ ከደ ጎል ጎን የቆመችው በፊሊክስ ኤቡዌ የምትተዳደረው ቻድ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያኖችን ከሊቢያዋ ኩፍራ ያስለቀቀው የደ ጎል አዛዥ የሌክሌር ጦርም ከቻድ የተነሣ፣ አብዛኛው ወታደሩም አፍሪካዊ ነበር።

የሉዓላዊነቱ ጉዳይ ግን ከሁሉ የባሰ ነው። የሊቢያው ጋዳፊ ጦር ሰሜን ቻድን በያዘበት ዘመን ፈረንሳይ የአየር ሽፋንና መሣሪያ መስጠቷን አልክድም፤ ሆኖም እግረኛ ጦሯ ከ16ኛው የኬክሮስ መስመር ደቡብ ተቀምጦ ሳለ፣ በ1987 በሰሜን ያሉትን ፋዳንና ዋዲ ዱምን ያስለቀቁት በቶዮታ ፒክአፕ የዘመቱ ቻዳውያን ናቸው። በሊቢያ ድንበር ያለችው አውዙም በ1994 ለቻድ የተወሰነችው በሄግ ዳኞች ፍርድ ነው።

ታዲያ ያ የፈረንሳይ ጦር ለአሥርተ ዓመታት ቻድ ውስጥ ምን ሲጠብቅ ኖረ? ቤተ መንግሥቱን! የመጀመሪያው የቻድ ፕሬዚዳንት ቶምባልባይ በ1962 ተቃዋሚ ፓርቲዎችን በሙሉ አገደ፤ በ1965 በግብር የተማረሩ የማንጋልሜ ገበሬዎች ሲያምፁና አመፁ ሲዛመት፣ በ1968 የፈረንሳይ ወታደሮች የደረሱት ለገበሬዎቹ ሳይሆን ለእሱ ነው። የአገሪቱ አጣሪ ኮሚሽን 40,000 ሰዎች እንዳለቁበት የገመተው የሂሴን ሃብሬ አገዛዝ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራውን የንጃሜና መዋኛ ገንዳ የምድር ቤት እስር ቤት አድርጎ ሰው ሲያሠቃይበት፣ ፓሪስ ወዳጁ ነበረች። በ1990 ኢድሪስ ዴቢ ሥልጣኑን ከሃብሬ ሊነጥቅ ከሱዳን ተነሥቶ ሲገሰግስ ግን እዚያው የሰፈረው ጦር እጁን አጣጥፎ ተመለከተ፤ ምክንያቱም ሃብሬ የማይፈለግበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ሚራዥ የተባሉት የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ከሊቢያ የገባውን የቻዳውያን አማፂያን ሠልፍ ለቀናት ደበደቡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለ ድሪያን ለምክር ቤታቸው የሰጡት ምክንያት፣ ዴቢ መፈንቅለ መንግሥት እንዲከላከሉለት በጽሑፍ ጠይቋል የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዴቢ ሲሞት፣ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ ወታደሮች ሕገ መንግሥቱን ሽረው ልጁን ማሃማትን ሾሙ። ማክሮን በቀብሩ ላይ ተገኝተው ከዚያው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። መፈንቅለ መንግሥትን በቦምብ የሚከላከል ኃይል በዓይኑ ፊት የተፈጸመውን ሲባርክ፣ ሉዓላዊነት የሚለው ቃል ከአፉ ሊወጣ አይገባም ነበር።

በ2013 የማሊን ታጣቂዎች ገታን የሚለው መከራከሪያም አያድናቸውም፤ በዚያ ዘመቻ በኢፎጋስ ተራሮች ብዙ ቻዳውያን ወታደሮች ወድቀዋል፤ ለእነሱስ ማን አመሰገነ?

ማሃማት ጦሩን ያስወጣው ለዴሞክራሲ ብሎ ነው የሚል የዋህ የለም፤ በኦክቶበር 2022 በተቃዋሚ ሰልፈኞች ላይ የተተኮሰው በእሱ አገዛዝ ነው። ውሳኔው ግን ትክክል ነው። ማክሮን ከቻድ ጋር የሚተሳሰቡት ሒሳብ አለኝ ካሉ፣ ፓሪስ ለሃብሬ የሰጠችውን መሣሪያና ሥልጠና በዝርዝር ያውጡና ከእስር ቤቱ በሕይወት በተረፉት ሰዎች ፊት ያንብቡት።