ትከሻው «ገባ» ሲባል ጉዳዩ አላለቀም

«ወልቆ ነበር፣ ገባልኝ።» በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ በግንባታ ሥራ ከሚውሉ ልጆች ይህን መስማት የተለመደ ነው። ከአጣና መወጣጫ የወደቀ ወይም ከባጃጅ የተፈናጠረ ወጣት ወጌሻ ጋ ይሄዳል፤ ትከሻው ይሳባል፣ ይታሻል፣ ይታሰራል። ሕመሙ ጋብ ሲልለት ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ለማንሳት እጁን በዘረጋ ቁጥር ትከሻው ይወልቅበታል።

ከእነዚህ መካከል አጥንታቸው የተሰበረም አሉ። የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጥልቀት የሌለው ነው፤ ጠርዙ ከተሰበረ ክንዱን ደግፎ የሚይዘው ይጎድላል። ጎድጓዳውን የያዘው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው፤ ከጠቅላላው የአጥንት ስብራት 1 በመቶ ቢሆን ነው። ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ስለማይጠረጠር ነው። ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። በብብት በኩል የሚነሳ ራጅ ይረዳል፤ የስባሪውን መጠን በትክክል የሚያሳየው ግን ሲቲ ስካን ነው።

ስባሪው ከቦታው ካልሸሸ ክንድን አንግቶ ማሳረፍና ፊዚዮቴራፒ ይበቃል። የጎድጓዳውን ሩብ ያህል ከያዘ ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሸሸ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ቀድሞ ትከሻውን ከፍቶ፣ ከፊት ያለውን ጡንቻ ቆርጦ ወይም ሰንጥቆ መግባት ግድ ነበር። በአርትሮስኮፒ ግን 1 ሴንቲ ሜትር በማይሞሉ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ስባሪው ወደ ቦታው ተመልሶ በትንንሽ ብሎን ወይም በክር ይታሰራል። ጡንቻው አይቆረጥም። በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (አጥንቱ ክፉኛ ከተሰባበረ ዛሬም ከፍቶ መሥራት የሚሻልበት ጊዜ አለ።)

የአርትሮስኮፒ መሣሪያ በብዙ ሆስፒታሎች ይግባ የሚሉትን እደግፋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የሚባክነው ጊዜ ነው። ስባሪውን ወደ ቦታው መመለስ የሚቀለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ በመታሸት ያልፋሉ። ወጌሻዎችን መውቀስ አልሻም፤ ሰው የሚሄድባቸው ቅርብ ስለሆኑና ስለሚያምናቸው ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያዎች ጋር ይተዋወቁ፤ በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ትከሻው የተጎዳ ሰው ሲመጣባቸው ሳይነኩት ይላኩት። ራጅ የሌለው ጤና ጣቢያም «ማስታገሻ ውሰድና እየው» ከማለት በዚያው ሳምንት ሪፈር ይጻፍ።

ወጪውስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፣ ቀዶ ሕክምናውን ጨምሮ። የቀን ሠራተኛው ይህን ከፎርማኑ አፍ ሊሰማው ይገባል፣ ሥራ በጀመረበት ቀን።

የትከሻው ውጫዊ ገጽ ከደነዘዘ ወይም ክንዱ አልነሳ ካለ ሪፈርም ሳምንትም አይጠበቅም። ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።