ዕድሜ ለ90 በመቶ

ሳይመሰገን የኖረ ቁጥር ቢኖር 90 በመቶ ነው። ስንት ስብሰባ በሰላም የተበተነው በእሱ መሰላችሁ! «ሥራው የት ደረሰ?» ይባላል። «አፈጻጸሙ 90 በመቶ ደርሷል» ይባላል። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል፤ ተጠያቂው እፎይ ይላል፤ ሁሉም ወደየሥራው፣ ይቅርታ፣ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይሄዳል።

እኔን የሚደንቀኝ ዕድሜው ነው። 10 በመቶ አንድ ሳምንት አይቆይም። 40 በመቶም መንገደኛ ነው፤ ጎራ ብሎ ያልፋል። 90 በመቶ ግን አንዴ ከገባ ቤተኛ ነው። ሦስት ባለሙያዎች እየተቀባበሉ ሲሠሩት የነበረ አንድ ታስክ፣ ማለትም በዕቅድ ሰሌዳ ላይ የተመዘገበ አንድ ሥራ፣ አውቃለሁ። ሦስቱም መሥሪያ ቤት ቀየሩ። እሱ 90 በመቶ ላይ ቁጭ ብሎ ሸኛቸው።

ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የነበረው ፕሮግራመር ቶም ካርጊል ይህን አስቀድሞ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመች ቀልዱ እንደምትለው፣ የአንድ ኮምፒውተር ፕሮግራም የመጀመሪያው 90 በመቶ ኮድ 90 በመቶውን ጊዜ ይወስዳል፤ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ሌላውን 90 በመቶ ጊዜ። ድምሩ 180 መምጣቱን ልብ በሉ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ነው እንጂ የኛን የጊዜ ሰሌዳ ነው የጻፈው።

አለካኩ ራሱ ጥበብ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት፤ ሪፖርቱ ለዓርብ ጠዋት። ሰሌዳውን የሚሞላው ባልደረባዬ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አንጠልጥሎ ከጎኑ ያለችውን ይጠይቃታል።

«እዚህ ጋ ስንት ልበል?»

«ባለፈው ስንት ነበር?»

«85።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? 90 በለዋ!»

ተለካ። ሰሌዳው ላይ ሥራውን በሚወክለው ሰማያዊ ባር ውስጥ ያለችው ቀጭን መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች። ሥራው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ምስኪን ሄንሪ ጋንት! እነዚህን ባሮች የምንደረድርበት የጊዜ ሰሌዳ «ጋንት ቻርት» ተብሎ በስሙ የሚጠራለት አሜሪካዊው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞት ድረስ ይህን ጥበብ አልደረሰበትም። እሱ መስመሩን የሚያስረዝመው ተሠርቶ በተቆጠረ ሥራ ልክ ነበር። ይህን ያህል ይሠራል ተብሎ ነበር፣ ይህን ያህል ተሠራ፣ እያለ። ለቆጠራ ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

እኛን ከቆጠራ የገላገለን ሶፍትዌር ነው። የሥራ ዕቅድ ማውጫና መከታተያ የሆነውን ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትን ውሰዱ። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዚህ ሶፍትዌር «ፐርሰንት ኮምፕሊት» (ስንት በመቶ ተጠናቀቀ) የሚባለው ኮለም የሚያሰላው ሥራን አይደለም፤ ጊዜን ነው። ያለፈው ቀን ለጠቅላላው ቀን ሲካፈል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውበቱ እዚህ ነውና። ሁለት ታስክ አለን እንበል። አንደኛው «ፈቃድ መጠበቅ»፣ 28 ቀን። ሁለተኛው «መሠረት መቆፈር»፣ 7 ቀን። 28 ቀን ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ፈቃዱ መጣ። ከላይ ያለው ማጠቃለያ መስመር ስንት ይላል? 80 በመቶ። አካፋ የነካ ሰው የለም። ሃያ ሰው ላቡን አፍስሶ የሚቆፍረው ጉድጓድ የሚያመጣው የቀረችውን 20 ብቻ ነው። እንግዲህ ከመቆፈርና ከመጠበቅ የቱ እንደሚያዋጣ ለራሳችሁ ፍረዱ። ለሠራተኛ ሰዓት የሚያስብ «ፐርሰንት ወርክ ኮምፕሊት» የሚባል ሌላ ኮለም አለ ይባላል። አለ፣ እውነት ነው። ማን ጠርቶት ያውቃል?

ደግሞ «ማርክ ኦን ትራክ» የምትባል ቁልፍ አለች። አንዴ ስትነካ ታስኩ እስከ ዛሬ በዕቅዱ ልክ እንደተሠራ አድርጋ ትሞላለች። ሠሪውን አትጠይቅም፤ ቦታው ሄዳ አታይም። እንዲህ ሰው የምታምን ቁልፍ የት ይገኛል?

ይህ አልበቃ ላለው «50/50» የሚባል ደንብ አለ። ታስኩ ሲጀመር 50 በመቶ፣ ሲያልቅ የቀረው 50። የወጣው ለአጫጭር ሥራዎች ነበር፤ ጭቅጭቅ እንዳይበዛ ተብሎ። ቸርነቱን ያወቀበት ሰው ግን መቶ ታስክ በአንድ ቀን ያስጀምራል። አንድም ያለቀ የለም። ግማሹን ጨርሰናል ይላል። ዋሸ እንዳትሉት፣ ደንቡ ነው።

ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ መጣብን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ብቻ ገና አልለመደም። ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ስንት ቀን ይቀራል?»

ክፍሉ ጭጭ አለ።

«90 በመቶ ደርሷል እኮ» አሉት ኃላፊያችን።

«እሱማ ገብቶኛል ጋሼ። የቀረው ስንት ቀን ነው?»

ለካ ለዚህም ኮለም ኖሯል። «ቀሪ ጊዜ» ይባላል፤ ከዓይናችን ተሰውሮ ነው እንጂ። ልጁ አወጣው። ታስኩ 10 ቀን ተይዞለታል፤ 9ኙ አልፏል፤ 1 ይቀራል ይላል። ልጁ ወደ ሠሪዋ ዞረ። እሷም ምን እንደነካት እንጃ፣ «እውነቱን ልንገርህ? ሌላ 9 ቀን ይፈልጋል» አለችው። 1ን አጥፍቶ 9 ጻፈ። ባሩ ተለጠጠ። 90 የነበረው ቁጥር 50 ሆነ። ፕሮጀክተሩ ላይ። ሁላችንም እያየን።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥራ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?»

እኔ ከልጁ ይልቅ ለ90 አዘንኩ። ያን ያህል አብሮን ኖሮ በአንድ ቁልፍ ተሸኘ።

ደግነቱ መድኃኒት አለው። ዕቅዱ እንደገና ቤዝላይን ይደረጋል፤ ማለትም የዛሬው ሰሌዳ ከእንግዲህ ሥራው የሚመዘንበት ዕቅድ ሆኖ ይቀመጣል። መዘግየቱ ራሱ ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ ዕቅድ ውስጥ የገባ መዘግየት ደግሞ መዘግየት አይባልም። የ«ልዩነት» ኮለሙ ዜሮ ይላል፤ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። ኃላፊያችን ይህን በራሳቸው እጅ አደረጉት። ሶፍትዌሩ በአንድ ፕሮጀክት 11 ቤዝላይን መያዝ ይችላል፤ እኛ በዚያ ቀን ሰባተኛውን ሞላን።

ልጁ ግን አመሉን አልተወም። ወጥተን ስንሄድ በሩ ላይ ቆሞ «አሁንስ ስንት ይቀራል?» አለ።

ኃላፊያችን ይህን ጊዜ ሳያመነቱ መለሱለት።

«አራት።»